መብራት ሸጦ ነፋስ መግዛት!
(አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር)



«የመንግሥትን የኃይል ድርጅት ሸጦ በገንዘቡ የነፋስና የፀሐይ ኃይል ማልማት ያዋጣል ወይ?» በሚለው ላይ እንድናገር ስጠየቅ ቶሎ ትዝ ያለችኝ ዴንማርክ ናት። ነገሩን አድርጋ አይታዋለቻ! እኔ የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። የጋዜጠኛ ሥራው ደግሞ ማን ሸጠ? ማን ገዛ? በስንት? ብሎ መጠየቅ ነው።

ዶንግ የሚባል የዴንማርክ መንግሥት ድርጅት ነበር። ስሙ ራሱ «የዴንማርክ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ» ማለት ነው። በ1972 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ተቋቁሞ ጋዝ ሲያወጣ፣ በኋላም ከሰል እያነደደ መብራት ሲሸጥ ኖረ። በ2009 ግን «ከሰሉ ይብቃን፣ ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን እንትከል» ብሎ ተነሣ። አሳቡ ደግ ነው። ችግሩ፣ ባሕር ላይ ተርባይን መትከል የገንዘብ ጉድጓድ ነው። በ2012 ድርጅቱ ከባድ ኪሳራ ደረሰበትና ካዝናው ተራቆተ። መንግሥትም «እኔ አልጨምርም፣ ገዥ ፈልጉ» አለ።

ገዥው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎልድማን ሳክስ! የኒውዮርኩ ባንክ። በ8 ቢሊዮን ክሮነር 18 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ሊወስድ ተስማማ። ሁለት የአገሬው የጡረታ ፈንዶች ሲጨመሩ ለድርጅቱ የሚገባው ገንዘብ 11 ቢሊዮን ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ገንዘቡ የገባው መንግሥት ካዝና ሳይሆን ድርጅቱ ካዝና ውስጥ ነው። አዲስ አክሲዮን ነው የተሸጠው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ሕዝቡ ሆ ብሎ ተነሣ። ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው የተቃውሞ ፊርማውን አኖረ፤ ያውም 6 ሚሊዮን እንኳ በማይሞላ ሕዝብ ውስጥ! ያስቆጣው ዋጋው ብቻ አይደለም። ጎልድማን ሳክስ ግዢውን የሚፈጽመው ሉክሰምበርግ ውስጥ በተመዘገበ ኩባንያ በኩል ነው። በዚያ ላይ 18 በመቶ ይዞ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁን ለመለወጥ የእሱ ይሁንታ እንዲጠየቅ በውሉ አስገብቷል። ብዙኃኑን ድርሻ የያዘው መንግሥት የራሱን ሹም እንዳሻው ማንሳት አይችልም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ባለ ትንሽ ድርሻ ምን እንደምለው አላውቅም… ደባል ነው ወይስ አከራይ?

ጥር 30 ቀን 2014 የፓርላማው የፋይናንስ ኮሚቴ ሽያጩን አጸደቀ። በዚያው ቀን ከጥምር መንግሥቱ አባላት አንዱ የነበረው የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ መንግሥቱን ጥሎ ወጣ። አንድ የመብራት ድርጅት ሚኒስትሮችን ከወንበር አስነሣ!

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በ2014 ሲሸጥ ድርጅቱ የተገመተው ከአዲሱ ገንዘብ በፊት 31 ቢሊዮን ተኩል ገደማ ነበር። በሰኔ 2016 አክሲዮኑ ገበያ ሲወጣ ግምቱ 98 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላም! የጎልድማን ሳክስ 8 ቢሊዮን ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በ2017 የቀረችውን ድርሻ ሸጦ በሰላም ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ግን ወሬው እዚህ አያልቅም። ገንዘቡ ባክኖ አልቀረም። ተርባይኑ ተተከለ፤ በ2017 የዘይትና የጋዙ ክፍል ተሸጠ፤ ስሙም ኦርስቴድ ተባለ። የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ በ2024 ተዘጋ። መንግሥትም 50.1 በመቶውን አልለቀቀም። የኮፐንሃገን አካባቢ የመብራት መስመር ሊሸጥ ሲል ደግሞ ፖለቲከኞቹ አስቆሙና፣ በኋላ በ21.3 ቢሊዮን የገዛው የደንበኞቹ የራሳቸው ንብረት የሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ። ከመጀመሪያው ተምረዋል።

ከዚያስ? ነፋስ ይዞራል። ወለድ ናረ፤ በ2023 ድርጅቱ አሜሪካ ውስጥ የያዛቸውን ሁለት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሰረዘ። በ2025 የትራምፕ አስተዳደር ፊቱን ሲያጠቁርበት 60 ቢሊዮን ክሮነር ካፒታል ለመጨመር ተገደደ። ግማሹን፣ 30 ቢሊዮን ገደማ፣ ያዋጣው ማነው? የዴንማርክ መንግሥት! በ2014 11 ቢሊዮኑ ከበደኝ ብሎ በር የከፈተው ያው መንግሥት። በደህና ጊዜ ትርፉን የወሰደው ባንክ በክፉ ጊዜ የለም።

ወገኖቼ፣ ዴንማርክን ለወሬ አላነሣኋትም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. (ይሄ በእኛው ነው) የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የኃይል ማመንጫን ጨምሮ የትልልቅ ድርጅቶች አነስተኛ ድርሻ ለአገር ውስጥና ለውጭ ባለሀብት እንዲተላለፍ መወሰኑን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አሳቡ አንዴ ከተነሣ ዘንድ ነገ «ለፀሐይና ለነፋስ ማልሚያ» ተብሎ ሊመጣብን ይችላል።

የእኛ ነገር ከዴንማርክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ድርሻ ሲሸጡ ከከሰል ለመውጣት ነው። እኛ ከምን ልንወጣ ነው? የእኛ መብራት ከሞላ ጎደል ውኃ ነው፤ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴውን ሸጦ አረንጓዴ መግዛት ምን ይሉታል? አባይ ላይ የተሠራው ግድብ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ምረቃው ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ድረስ ከደመወዙ እየተቆረጠ ቦንድ በገዛ ሠራተኛ ጭምር የቆመ ነው። ይሄ ሰው «ድርሻው ተሸጠ» ሲባል «የማን?» ብሎ ቢጠይቅ ይፈረድበታል?

ፈጽሞ አይሸጥ እያልኩ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን ዛሬም መብራት አያገኝም፤ መስመር መዘርጊያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ግን ገንዘቡ የሚገባው ሥራው ላይ ነው ወይስ የመንግሥት የበጀት ቀዳዳ ውስጥ? ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄንን ነው። ዴንማርኮች ቢያንስ እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ዋጋውንስ የሚገምተው ማነው? ገዥውስ የማን ሹመት ላይ እጁን ያስገባል?

የዴንማርክ ሕዝብ ውሉ ላይ የተከራከረው ከመጽደቁ በፊት ነው። እኛም እንዲያ ያለ ቀን ከመጣ፣ ውሉ ሳይፈረም ሙሉ ቃሉ በጋዜጣ ይውጣልን።