ዕረፍት የማን ናት?

በጁምዓ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር

እህቶቼ፣ ስብሰባው ላይ የተገኛችሁት ሰምታችሁታል፤ ይህ የተጻፈው በሩ ላልተከፈተላችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታነቡት ማታ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብታችሁ እንደሆነ ስለማውቅ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

ስለ መዝናናትና ስለ ስፖርት ተናገሪ ስባል መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። የቤት ሠራተኛንና መዝናናትን ምን አገናኛቸው? በኋላ ግን ሳስበው፣ የአንድን አገር ሰው ለማወቅ ሥራውን ከማየት ዕረፍቱን ማየት ይሻላል አልኩ። ሥራ ላይ ሰው ታዞ ነው ያለው። ሲያርፍ ግን የሚወደውን ያደርጋል፣ የሚያከብረውን አጠገቡ ያስቀምጣል። ማን ተቀመጠ፣ ማን ቆሞ አስተናገደ? እሱን ካያችሁ ነገሩ ገባችሁ።

ለዚህ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ምስክር የለም። ኢስቲራሃን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቃሉ በዓረብኛ ዕረፍት ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ቤተሰቡ ከከተማ ወጣ ብሎ በተከራየው ግቢ ይሰበሰባል፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል፣ አያት ከመሃል። ደስ የሚል ነገር አለው። ዘመድ ሳይገናኝ ሳምንት አያልፍም፣ ሽማግሌ ብቻውን አይቀርም፤ በዚህ ከእኛ ባህል ጋር ይገጥማል፣ አልዋሽም። ለእኛ ግን ዕረፍት የሚባለው ቤት ሥራው እጥፍ የሚሆንበት ቤት ነው። ጋህዋ ማፍላት፣ ፊንጃል ማጠብ፣ የአምስት ቤት ልጅ መጠበቅ፣ ከብሳ ማቅረብ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ምንጣፍ መጥረግ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ከሽታ አለ፤ በረሃ ድንኳን ተክሎ ማደር። እዚያ ዕቃ የምታጥቢበት ቧንቧ እንኳን የለም።

አሁን ስለ አሜሪካ ላንሳ። ምን አገባን እንዳትሉ፤ ዛሬ ሪያድ የምትዝናናበት ነገር ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ30 ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየው ሲኒማ እዚህ ሪያድ ሲከፈት መጀመሪያ የታየው ብላክ ፓንተር የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነበር። በዚያው ዓመት ሴቶች ስታዲየም ገብተው ኳስ እንዲያዩ ተፈቀደ። እኔ የማሳድጋቸው ልጆች ከሂላልና ከነስር ቀጥሎ የሚጣሉት በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነው። ማሊያቸውን ሳጥብ የተጫዋቾቹን ስም ለመድኩ።

አሜሪካኖች ስፖርትን የሚወዱት ውጤቱ ስለሚቆጠር ይመስለኛል። የማን ልጅ ነህ ሳይባል፣ ከቀደምክ ቀደምክ ነው። በዚህ ነው የሚኮሩት። ሜዳው ግን ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ቤዝቦል የሚሉት ኳስን በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ በትልቁ ሊግ ለብዙ አሥር ዓመታት ጥቁር አያስገባም ነበር፤ ጃኪ ሮቢንሰን የገባው በ1947 ነው። ሴት ልጆች በትምህርት ቤት ስፖርት እንዳይገለሉ የሚያደርገው ሕግ የወጣው በ1972 ነው። የዚያ ፍሬ እስከዚህ አገር ደርሷል። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ሳውዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሴቶች ስትልክ፣ በ800 ሜትር የሮጠችው ሳራ አታር ካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች ናት። ከሁሉም ኋላ ነው የገባችው፤ ሕዝቡ ግን ተነስቶ አጨበጨበላት።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የሯጮቹ ሳይሆን የእኛ ቢጤዎች ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሰው ቤት ከሚሠሩት ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። በ1938 የሥራ ሰዓትን የሚወስን፣ ከዚያ በላይ ላሠራ ተጨማሪ ክፍያ የሚያዝ ትልቅ ሕግ ሲወጣ የፋብሪካ ሠራተኛው ተካተተ፣ የቤት ሠራተኛዋ ቀረች። የገባችው በ1974 ነው። ቁጠሩት፣ 36 ዓመት! ዛሬም በአገሪቱ ዋና ሕግ አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ የተጨማሪ ሰዓት ክፍያ አይመለከታትም። ነፃነት፣ እኩልነት የሚሉት አገር ናት ይህችም።

ታዲያ እነዚያ ሴቶች ምን አደረጉ? ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ ሲያርፍ እነሱ ምግብ ያበስሉ ስለነበር በልማድ ዕረፍታቸው ሐሙስ ነበር፤ ያውም ለብዙዎቹ ከሰዓት በኋላው ብቻ። ኒውዮርክ ሃርለም ሰፈር ውስጥ በ1926 የተከፈተ ሳቮይ የሚባል ትልቅ የጭፈራ አዳራሽ ነበር። ነጭና ጥቁር አብሮ የሚጨፍርበት፣ ያኔ ብዙ ቦታ የማይታሰብ ነገር። ሐሙስ ማታ አዳራሹን የሚሞሉት የቤት ሠራተኞች ስለነበሩ ምሽቱ «የኩሽና መካኒኮች ማታ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ስሙን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ ሲያጥቡና ሲተኩሱ የዋሉ ሴቶች የራሳቸውን ቀሚስ ተኩሰው ለብሰው ሲወጡ ታየኝ። ሊንዲ ሆፕ የሚባለው፣ ዛሬ በየአገሩ የሚማሩት ጭፈራ ያደገው እዚያ አዳራሽ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እኔ ባደግኩበት ወሎ የገና ጨዋታ አለ። ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ሜዳ ሙሉ ጎረምሳ። የዚያን ቀን ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው መቆጣት አይችልም ነበር ይባላል። በዓመት አንድ ቀን! ሌላው ቀን ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ መገመት ነው። ሴቶች ደግሞ ያንን ቀንም አላገኘነውም፤ ጨዋታው የወንድ ነው፣ ድፎውና ጠላው የእኛ። ለዚህ ይመስለኛል ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የሴቶች ነገር የተለወጠው። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት፣ ከብት ስትጠብቅ ያደገች የአርሲ ልጅ። ካሸነፈች በኋላም ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት እጇን ይዛ አብረው ሜዳውን ዞሩ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። እዚህ አገር በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል፤ «በሁለቱ ወገን ስምምነት» የሚል ቃል ስለገባበት ግን ብዙ ቤት ስምምነቱ የማዳም ብቻ ሆነ። ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ግልጽ ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት። ተከታታይ የሚለውን ያዙልኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተቆራርጦ የሚሰጥ ዕረፍት አይደለም።

አንዳንድ እህቶች «እኔ ልሠራ ነው የመጣሁት፣ ዕረፍቱ ይቅርብኝ፣ ገንዘቡን ይስጡኝ» ትላላችሁ። አልፈርድም። ቤት የሚሠራላት እናት፣ የሚማር ወንድም ያላት ሰው ናት እንዲህ የምትለው። ግን ሂሳቡን እንሥራው። በሁለት ዓመት ኮንትራት ውስጥ 104 ጁምዓ አለ። ደመወዝሽ 1,000 ሪያል ከሆነ የቀኑ 33 ሪያል ገደማ ነው፤ የ104 ቀን ከ3,400 ሪያል በላይ ይሆናል። ሦስት ወር ተኩል ያህል ሥራ ማለት ነው። ይህን ገንዘብ የተቀበለች እጇን ታውጣ ስል ስብሰባው ላይ ሁለት እጅ ነው የወጣው። ሌሎቻችን ዕረፍቱንም ገንዘቡንም አላየነውም። መሸጥ ካለብሽ እንኳን ዋጋውን ተነጋገሪ፣ በየወሩ ከደመወዙ ጋር ይግባልሽ። የምትችል ግን አትሽጠው። ወገባችሁን እዩት፤ ሠላሳ ሳይሞላን ደረጃ ስንወጣ ግድግዳ የምንይዝ ስንት ነን?

እንዴት እንጠይቅ ለምትሉ፣ ጊዜው ኮንትራት ሲታደስ ነው፤ ያኔ ማዳምም ትፈልግሻለች። «ልዝናና» አትበይ፣ ጆሮ አይሰጡትም። ቀኑንና ሰዓቱን ቁርጥ አድርገሽ ጠይቂ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብለሽ። ጁምዓ ኢስቲራሃ ካላቸው ቅዳሜን ወይም እሁድን ጠይቂ፤ ደንቡ ጁምዓ ካልሆነ አይልም። ባባ ከማዳም የሚቀልበት ቤት አለ፣ ማዳም የምትቀልበት ቤት አለ፤ ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የተስማማችሁትን በስልክ መልእክት ጻፊላት፣ «እሺ» ብትል እንኳን ይቀመጥልሽ።

መውጣት የተፈቀደላችሁ፣ ኢቃማችሁን ሳትይዙ አትውጡ። ሜትሮ በ4 ሪያል ሁለት ሰዓት ያስሄዳል፤ ሰማያዊው መስመር በባትሃ በኩል ያልፋል፣ ከታክሲ ሹፌር ጋር መጨቃጨቅ ቀረ። እየመጣችሁ ያላችሁት ከቡናው በፊት አብረን አንድ ሰዓት በእግር መሄድ ጀምረናል፤ ስሊፐር ሳይሆን ሸራ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። መውጣት ያልተፈቀደላችሁ ደግሞ ጁምዓ ከዓስር በኋላ ስልካችሁን ክፈቱ። ቡናው ሲፈላ አንዷ ትደውላለች፣ ማዳም ከገባች ዝጉት፣ ስትወጣ መልሰን እንደውላለን።