የመኪና ከፍታና የሞላ ጉዞ



ባለንብረት ወደ ጋራዥ መጥቶ መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲልለት ቢጠይቅ በኢትዮጵያ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ጭነት ለሚበዛበት መኪና ተጨማሪ ባሌስትራ ሲደረብ ያላየ መካኒክ አይገኝም። ዝቅ እንዲልለት የሚጠይቅ ግን እንግዳ ነው። ይኸው እንግዳ ጥያቄ በሎስ አንጀለስና በአካባቢው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ራሱን የቻለ ጥበብ ወልዷል፤ ጥበቡም ከሕግ ጋር ተጋጭቷል።

ሳምና ጆርጅ ባሪስ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1952 ለቦብ ሂሮሃታ ያዘጋጁት የ1951 ሞዴል መርኩሪ የዚያ ዘመን ናሙና ነው። ጣሪያው ተቆርጦ አጥሯል፤ አካሉም መሬት ሊነካ የቀረበ ይመስላል። የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች በበኩላቸው በቀላል ወጪ፣ ከኋላ የአሸዋ ከረጢት በመጫን ወይም ሞላ በመቁረጥ፣ መኪናቸውን ዝቅ አድርገው በዝግታ ይነዱ ነበር።

ሞላ ሲቆረጥ ቁመቱ ያጥራል፤ ጥንካሬውም ይጨምራል። ስምንት የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት ሞላ ሁለቱ ቢቆረጡ፣ የቀረው ከቀድሞው በሲሶ ያህል ይጠነክራል። በዚህ ተጽናንቶ «ጥንካሬው የጠፋውን ቁመት ይክሳል» የሚል አይጠፋም። ሂሳቡ ግን አይስማማም። ጎማው ወደ ላይ ተነሥቶ የላስቲክ ማቆሚያው ዘንድ እስኪደርስ 75 ሚሊሜትር ጉዞ የነበረው መኪና በ50 ሚሊሜትር ቢወርድ የሚቀረው 25 ብቻ ነው። ሞላ የሚቀበለው ጉልበት የሚያድገው በጉዞው ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ያንኑ የመንገድ ምት በሲሶው ጉዞ ለመቀበል ዘጠኝ እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። ሲሶ የጨመረ ሞላ ከዚህ እጅግ ይርቃል። የተረፈውን ምት ላስቲኩ፣ ከላስቲኩም አልፎ ሻሲው ይቀበለዋል። ሞላውን በብየዳ እሳት አግሎ ማስተኛት ደግሞ ከመቁረጥም የከፋ ነው፤ ብረቱ በፋብሪካ በሙቀት ያገኘው ጠባይ ይጠፋና ሞላው ይልማል ወይም ይሰበራል።

ከፊት በኩል የተሻለው መንገድ ጎማው የሚሽከረከርበትን ዘንግ የሚይዘውን ብረት፣ ዘንጉ ከፍ ብሎ በተሠራበት ሌላ ብረት መተካት ነው። መኪናው ይወርዳል፤ የሞላው ጉዞና የመሪው አቀማመጥ ግን አይናጋም። ከኋላ በባሌስትራውና በዘንጉ መካከል የብረት ማገጃ ሲገባ ጥንካሬው ባይለወጥም ዘንጉ ወደ ሻሲው ይቀርባል። ስለዚህ ሻሲው ከዘንጉ በላይ በግማሽ ክብ ተቆርጦ በወፍራም ብረት መጠናከር፣ የክሮቼራውም ማዕዘን እንደገና መለካት ይኖርበታል።

ካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1958 ጀምሮ፣ ተለውጦ ከጎማው በቀር ማናቸውም ክፍሉ ከቸርኬው የታች ጠርዝ በታች የወረደ መኪና እንዳይነዳ ከለከለች። ጎማ ቢተነፍስ መሬት የሚነካው ቸርኬው እንጂ የመሪው ዘንግ ወይም የፍሬን ቧንቧው እንዳይሆን የሚጠብቅ በመሆኑ መለኪያው ከምሕንድስና አንጻር ምክንያታዊ ነው። ስለ ሞላው ጉዞ ግን ሕጉ አንዳች አልተናገረም። በተግባርም ይበልጥ የከበደው በእነዚሁ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ላይ ነበር።

መልሱ ብዙ አልዘገየም። ሮን አጊሬ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአሮፕላን የተወሰዱ የሃይድሮሊክ ፓምፖችን በኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። ማብሪያ ሲነካ መኪናው ሕጉ ወደሚፈቅደው ከፍታ ይነሣል፤ ሲያሻው ደግሞ ይተኛል። በአራቱም ማዕዘን ጥምዝ ሞላ የነበረው የ1958 ሸቭሮሌት ኢምፓላና ተከታዮቹ ለዚህ ሥራ የተመቹ ሆነው ተገኙ። ብልኃቱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ዘይት እንደ ሞላ ስለማይጨመቅ ሲሊንደሩ ከሞላ ጋር ካልተጣመረ ምቱ ሁሉ ወደ ሻሲው ብየዳ ይሄዳል።

እገዳው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተነሥቷል። ቀድሞ ፖሊስ ይለካው የነበረውን እንግዲህ የሚለካው ባለሙያው ነው። አለካኩም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሻሲው በመደገፊያ ላይ ይቆማል፤ ሞላው ይወጣል፤ እግሩ በክሪክ እስከ ላስቲክ ማቆሚያው ድረስ ይነሣል። ከዚያም መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞረ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር መላተሙ፣ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ መወጠሩና አሞርዛቶሩ ከመደፈኑ በፊት ቦታ የተረፈው መሆኑ ይታያል።