የታኅሣሥ በቆሎና የነሐሴ ጎተራ

(ለዩኒየኑ የምሥረታ በዓል የቀረበ ንግግር)



በባኬ ጃማና በነቀምቴ ዙሪያ በቆሎ የሚዘራው የግንቦት ዝናብ ሲገባ ሲሆን የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በአገር ደረጃም አብዛኛው እህል የመኸር ምርት በመሆኑ ገበያው በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ የሚበላው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ዋጋው እስከ የካቲት ድረስ ወርዶ ቆይቶ ጎተራ በሚጎድልበት በሐምሌና በነሐሴ የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። የመሬት ግብሩ፣ ብድሩ፣ የጥር ሠርጉ፣ ሁሉም የሚጠየቀው እህል በገባ ማግሥት ነው። በመሆኑም በታኅሣሥ አምስት ኩንታል ያወጣ ቤተሰብ በነሐሴ ሁለቱን ከነጋዴ መልሶ ሲገዛ ይታያል። መግዣ ያጣችው እናት ደግሞ እሸት እስኪደርስ ቂጣውን እያሳነሰች ክረምቱን ትገፋለች።

የማይረሳው ክፉ ዓመት 1994 ዓ.ም. ነው። በ1992 እና በ1993 ጥሩ ምርት ከተገኘ በኋላ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። የመሰብሰቢያና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ ስለማይሸፍን በአንዳንድ አካባቢ በቆሎው ማሳ ላይ ቀረ። ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ የጠፋው ገዢና ማቆያ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ለቀጣዩ ዘር ማዳበሪያ ቀነሰ፣ የዚያው ዓመት ክረምትም ዝናቡ አነሰ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። እህል ገዢ ባጣ በዓመቱ!

አቆይቶ መሸጥ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት ግን አይደለም፤ ይህንም ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ምርት ሲትረፈረፍ ሐምሌም ዋጋ ላይጨምር ይችላል። ነቀዝም አለ። ከ100 ኪሎ 10 ኪሎ ከተበላ የቀረው 90 ኪሎ የታኅሣሡን ገንዘብ ብቻ እንዲመልስ ዋጋው ከ11 በመቶ በላይ መጨመር አለበት፤ የጆንያና የመድኃኒት ወጪ ሳይታሰብ ማለት ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ ይገድለዋል፤ እርጥብ እህል ግን አያደርቅም። እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሳይወርድ የተከተተ በቆሎ እዚያው ውስጥ ይሻግታል።

መጋዘን የሚመረቀው ብዙውን ጊዜ ግድግዳውና ጣሪያው ታይቶ ነው። ለአባሉ ግን ትልቁ ነገር በታኅሣሥ በካዝና ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ግድም የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከዩኒየኖች ጋር አስቀድሞ የግዢ ውል ሲዋዋል፣ ውሉን ለባንክ አሳይቶ የእህል መግዣ ብድር ማግኘት ተችሎ ነበር። ወፍጮ ቤቶችና መኖ አምራቾችም ለእንዲህ ያለ ውል ሊጠየቁ ይገባል። አባሉ የነሐሴውን ቀለብ አስቀድሞ በቤቱ ለይቶ፣ ትርፉን ሲያስረክብ አብዛኛውን ክፍያ እዚያው ይቀበል፤ ቀሪው ከሽያጭ በኋላ ይታሰብለት። ኃላፊዎችም ግብርና ብድር በአንድ ወር እንዳይደራረቡ ቢያደርጉ ያግዛል። የመጀመሪያው ክፍያ ከመጋዘኑ በር ላይ ካልተገኘ አባሉ የጫናትን አህያ ወደ ገበያው ያዞራታል።