የምድጃው ሙቀት፣ የሌሊት ፈረቃና የልጅ ጉዳይ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሆርሞን ሚዛንና ስለ መውለድ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ «ይህ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ ነውን?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሣ ገምቻለሁ። ሐኪም እንዳልሆንኩ ግልጽ ነው። ሆኖም ሠራተኛው ከቀኑ ሢሶውን የሚያሳልፍበትን ቦታ፣ ይኸውም የምድጃውን አጠገብ፣ የቦይለሩን ክፍልና የፈረቃውን ሰሌዳ የሚነድፈው በአመዛኙ የእኛ ሙያ ሰው ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው። ጠበሉም፣ መድኃኒቱም፣ ምርመራውም፣ ከዚያም አልፎ ፍቺው የእርሷ ዕጣ ይሆናል፤ ባል ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረመር ሌላ ያገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ውስጥ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከልም ወደ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ምክንያቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከወንዱ በኩል ነው።

አስቀድሜ የሆርሞኑን አሠራር ባጭሩ ልግለጽ። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል። ፒቱታሪም በደም አማካይነት የወንዱን የዘር ፍሬ ወይም የሴቷን የዕንቁላል ዕጢ ያዝዛል። እነርሱ የሚያመነጩት ሆርሞን ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ «በቃ» ወይም «ጨምር» ይላል። የውሃ ማሞቂያን ሙቀት የሚቆጣጠረው መሣሪያ በዚሁ ደንብ ስለሚሠራ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚያስደንቀው ግን መልእክቱ በመጠን ብቻ ሳይሆን በምት የሚነበብ መሆኑ ነው። ኧርነስት ኖቢልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 በጦጣዎች ላይ እንዳሳዩት፣ የሃይፖታላመሱ ሆርሞን በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ሲሰጥ ፒቱታሪ ሥራውን ያከናውናል፤ ያለማቋረጥ ሲፈስስ ግን ዝም ይላል።

ከዚህ ደንብ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ጡንቻ ለማሳደግ ሲል ቴስቶስቴሮን በመርፌ የሚወስድ ጐልማሳ፣ የላይኛው መቆጣጠሪያ «ሆርሞኑ በቂ ነው» ብሎ ትእዛዙን እንዲያቆም ያደርገዋል። የዘር ፍሬውም ሥራ ይፈታል። ወንድነቴን ላጎልብት ያለው ሰው የዘሩን ቁጥር እስከ ባዶ ሊያወርደው ይችላል።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ፤ ዋናው ነገሬ እርሱ ነውና። የዘር ፍሬ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። ወደ ታች የሚወርደው ትኩስ ደም፣ ቀዝቅዞ በሚመለሰው ደም የተሞላ የቧንቧ መረብ መካከል ስለሚያልፍ ሙቀቱን ለዚያ ያስረክባል። እኛ በፋብሪካ ከምንተክለው በተቃራኒ ፍሰት ከሚሠራ የሙቀት መለዋወጫ በምንም አይለይም። እንግዲህ አካባቢው ከጋለ፣ ወይም ሰውየው ለረዥም ሰዓት ጭኑን ገጥሞ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ብረት አቅላጩና የረዥም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ላፕቶፕ ኮምፒዩተር በጭናቸው ላይ አድርገው አንድ ሰዓት የተቀመጡ ወንዶች የዘር ከረጢታቸው ሙቀት ከ2.5 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጠረጴዛ እያለ ጭን ለምን ያገለግላል?

መፍትሔው ውድ አይደለም። በምድጃውና በሠራተኛው መካከል የሚቆም የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ጨረሩን መልሶ ይወረውረዋል። ንጹሕ አየር ከታች ማስገባት፣ የጋለውን ከላይ ማስወጣት፣ ሠራተኞችን በየተራ ማቀያየር፣ ሾፌሩን በየሁለት ሰዓቱ ከጋቢናው ማስወረድ ሁሉም ከምናውቀው ወገን ነው። ይህን ከማድረግ ይልቅ ለሠራተኛው ውሃ ብቻ አቅርቦ ዝም ማለት ግን የሙያ ስንፍና ይመስለኛል።

ትዕግሥት የሚሻ ነገርም አለ። የወንድ የዘር ሕዋስ ተፈጥሮ እስኪበስል 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ መተላለፊያውን ሲጨምሩበት ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ስለዚህ ዛሬ የተስተካከለ ልማድ ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በቆላ የግድብ ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦች ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ከወባ ትኩሳት በተነሣችሁ ሰሞን የሚሰጥ ናሙና ከእውነተኛው አቅም ያነሰ ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

ከሙቀት ሌላ ኬሚካል አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ፣ ላትሮፕ በተባለች ከተማ፣ የአፈር ትል ማጥፊያ መድኃኒት በሚመረትበት ፋብሪካ የሚሠሩ ወንዶች ሲጨዋወቱ ልጅ የወለደ ከመካከላቸው እየጠፋ መሆኑን አስተዋሉ። ሲመረመሩም የብዙዎቹ ዘር እጅግ ያነሰ ወይም ጨርሶ የሌለ ሆነ። ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተባለው ያ ኬሚካል ከሁለት ዓመት በኋላ በአገሩ ከአብዛኛው አገልግሎት ታገደ። ነገሩን በመጀመሪያ የደረሱበት በምሳ ሰዓት የተጨዋወቱ ሠራተኞች መሆናቸው ለእኛ ሊያሳፍረን ይገባል። በየጋራዡ ባትሪ የሚፈታ ሰው የሚተነፍሰው የእርሳስ ብናኝም የወንድን ዘር ይጎዳል። ከምሳ በፊት እጅን መታጠብና ቱታን በሥራ ቦታ ለውጦ ወደ ቤት መሄድ ቀላል ልማድ ነው፤ መታጠቢያና ልብስ መለወጫ ክፍል በንድፉ ላይ ከሌለ ግን ልማዱም አይኖርም።

የሌሊት ፈረቃን በተመለከተ፣ ቴስቶስቴሮን ከፍ የሚለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የቺካጎ ጥናት አሥር ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ የቀን ቴስቶስቴሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀነሰ። በሴቶችም ዘንድ የፈረቃ መለዋወጥ የወር አበባን ሥርዓት ያዛባል። ፈረቃ የግድ ከሆነ ከጧት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት ቢዞር ሰውነት ይቀበለዋል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ይከብደዋል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ጫት ይዞ የሚቀመጠው ወዳጃችን የቀረችውን እንቅልፍ ለማን እንደሚሰጣት እኔ አላውቅም።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴቴ ሆርሞን ይለውጣል፤ ከባድ ሥራ እየሠራች በቂ የማትመገብ ሴት ደግሞ ዕንቁላል ማውጣቷን ልታቆም ትችላለች። ሲጋራ ሁለቱንም ይጎዳል። ልማድ ሁሉን ያድናል ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ በኢንፌክሽን የተዘጋን የማሕፀን ቱቦ በእንቅልፍና በእግር ጉዞ መክፈት አይቻልም። ለዚያ ሐኪም አለ። በአዲስ አበባም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምና ማዕከል አቋቁሟል።

አንድ ዓመት ያለ መከላከያ አብረው ኖረው ልጅ ያላገኙ ባልና ሚስት፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነችም ስድስት ወር የሞላቸው፣ በአንድ ቀን አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ ቢላዋም መርፌም የለበትም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብና አንድ ናሙና መስጠት ብቻ ነው፤ ውጤቱ ካነሰ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ሐኪሙ ሥራውን ሲጠይቀው «የፋብሪካ ሠራተኛ» ብሎ አይለፍ፤ ከምድጃው ስንት ሜትር ርቆ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሚሠራ ይንገረው።