ጳጉሜን የረሳ ሶፍትዌር

እሷ፦ ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ ባለ ሱቅ የሽያጭ ሶፍትዌር አስገጠመ እንበል። እስከ ነሐሴ 30 ሰላም ነው።

እሱ፦ ከዚያስ?

እሷ፦ ጳጉሜ 1 ብሎ ሲጽፍ «ቀኑ ትክክል አይደለም» ይለዋል። የወሩ ዝርዝር 12 ብቻ ነዋ!

እሱ፦ 13ኛውን መጨመር ነው፤ ምን ችግር አለው?

እሷ፦ ቸኮልክ ወንድሜ። ስንት ቀን ትሰጠዋለህ?

እሱ፦ አምስት።

እሷ፦ በአራት ዓመት አንዴስ?

እሱ፦ ስድስት... እሺ፣ ተረታሁ።

እሷ፦ አንዳንዱ ፕሮግራመር ደግሞ ነሐሴን ዝም ብሎ ያስረዝመዋል። ነሐሴ 33!

እሱ፦ ወላሂ፣ ደመወዝ ጠባቂ እንዳይሰማሽ!

እሷ፦ ሰዓቱስ? ከሮቢት መኪናው ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል ሲሉህ ጎህ ሲቀድ ነው። የፈረንጅ ሰዓት የሚያውቅ ሶፍትዌር ግን ለእኩለ ቀን ይቀጥርሃል።

እሱ፦ ያኔ መኪናው ከከሚሴም ከኮምቦልቻም አልፏል። ግን እኮ ኋላ መቅረትም ይጠቅማል። ፈረንጁ «2000 ሲገባ ኮምፒውተር ይበላሻል» ብሎ ሲጨነቅ እኛ ገና 1992 ላይ ነበርን።

እሷ፦ አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ማሽኑ መቼ በኛ ቆጠረና?

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ታዲያ ባለ ሱቁ ምን ያድርግ?

እሷ፦ ከመክፈሉ በፊት ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ያስገባ፤ መቀበል አለበት። ቀጥሎ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ይሞክር፤ እምቢ ማለት አለበት።

እሱ፦ ሁለቱንም ከተቀበለስ?

እሷ፦ ቀብዱን ወደ ኪሱ ይመልስ!