ድሪቶ ሰፊዋ እኅታችንና እኛ

(በላፍቶ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምናቀርብላችሁ የተለመደውን የሥራ ሪፖርት አይደለም። ስለ አንዲት እኅታችን፣ ስለምትሰፋው ብርድ ልብስ፣ በዚያም ሥራ እኛ ስላጠፋነው ጥፋት እንነግራችኋለን። ስሟን እንዳንጠራ ለምናናለች፤ ስለዚህ «እኅታችን» እያልን እንቀጥላለን።

ላፍቶ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ቃሉ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። ዛሬ ግራሩ አንሷል፤ ቀድሞ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መስክ ላይም ብዙ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ብርዱ ግን አልተለወጠም። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀችው ምድር ሌሊት ሙቀቱን የሚያቆይለት ደመና ያጣል። አበው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ይህን ብርድ ስለሚያውቁ ነው። አጥንት የሚገዛበት የሌለው ሰው ግን ቢያንስ የሚደርበው ያስፈልገዋል።

እኅታችን የምትሰፋው ድሪቶ ነው። ይህን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን እንሸማቀቃለን። ድሪቶ የድኻ ልብስ ነው፤ «ድሪቶ ለባሽ» ማለትም ሰውን ማዋረድ ነው። እርሷም መጀመሪያ ታፍርበት እንደነበረ ነግራናለች። የመጀመሪያውን የሰፋችው ከልጆቿ ያረጀ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ከባለቤቷ ካፖርት ገበር ነበር። ጎረቤቷ በጥቅምት ወር ወልዳ ሕፃኑን በነጠላ ብቻ ጠቅልላ ባየቻት ጊዜ፣ ያንኑ ድሪቶ በነጠላዋ ሥር ደብቃ ወሰደችላት። አራሷ ግን ገልጣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ «ይህ የማን ነው? ይህስ?» እያለች ጠየቀቻት። እኅታችንም ስለ እያንዳንዱ ስትነግራት አመሸች። ከዚያ ቀን በኋላ ድሪቶዋን ደብቃ ይዛ እንዳልሄደች ትናገራለች።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽላችሁ። ከሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ትሰበስባለች፤ ያረጀ ልብስም ይመጣላታል። ቀለም የሚለቀውን ለመለየት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ታሸዋለች። ናይለኑን ለብቻ ታስቀምጣለች፤ እሳት ሲነካው ስለሚቀልጥ፣ በምድጃ አጠገብ ለሚተኛ ሰው የምትሰፋው ከጥጥ ብቻ ነው። ከዚያም ጨርቁን በየአራት ማዕዘኑ 27 ሳንቲ ሜትር አድርጋ ትቆርጣለች። በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር በስፌቱ ሲያዝ 25 ይቀራል። ስድስቱ በወርድ፣ ስምንቱ በቁመት ሲገጣጠሙ 48 ቁራጭ ይሆናል፤ ይህም አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነ ፊት ነው። በመካከሉ ያረጀ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይገባል፤ ከሥሩ አቡጄዲ ይነጠፋል። በመጨረሻም አራት ቁራጮች በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ ሦስቱም ድርብ በጠንካራ ክር ተወግተው ይቋጠራሉ። ቋጠሮዎቹ 35 ናቸው።

ይህ ሥራ በእኛ ሰፈር ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የሜኖናይትና የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት እናቶች በየቤተ ክርስቲያናቸው ተሰብስበው እንዲህ ያለ ድርብ ብርድ ልብስ ለተቸገሩ ሲሠሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በ1920 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሜኖናይት ሴንትራል ኮሚቴ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በጥር 2020 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ ቀን 6,500 ብርድ ልብስ ለመሥራት ግብ ይዞ ምእመናኑን ጠርቶ ነበር። የዚያ አገር እናቶች የሚሠሩት መጠን 60 በ80 ኢንች ያህል ነው፤ ይህም ከእኅታችን አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ጋር ይስማማል። ማንም ማንንም ሳያይ መጠኑ የተገጣጠመው፣ የሚለካው በተኛ ሰው ቁመት ስለሆነ ነው።

ብርድ ልብስ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የ1977 ዓ.ም. ረኃብን ያስታውስ። ኮረም 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ሜዳ ላይ የተሰበሰቡትን ወገኖቻችንን የፈጀው ረኃቡ ብቻ አልነበረም፤ የሌሊቱም ብርድ ነበረ። የእግዚአብሔርም ቃል ይህን ነገር ንቆ አላለፈውም። በዘጸአት 22፥26-27 የድኻን ልብስ በመያዣነት የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስለት ታዝዟል፤ ድኻው የሚተኛበት ሌላ የለውምና።

አሁን ወደ እኅታችን ቤት እንግባ። ባለቤቷ የሌሊት ዘበኛ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ አማቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። ልጆቹን ቁርስ አብልታ ወደ ትምህርት ቤት ከሰደደች በኋላ ባለቤቷ ከሥራ ይመለስና ከመጋረጃው ወዲያ ይተኛል። እርሱ ሲተኛ ከእናቷ የወረሰቻትን በእግር የምትረገጥ ሲንጀር አትነካም፤ የመኪናዋ ድምፅ ይቀሰቅሰዋልና። ስለዚህ ጠዋቱ የማጠብ፣ የመለየትና የመቁረጥ ጊዜ ነው። መኪናዋ የምትነሣው ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ማታ ልጆቹ ክር በመርፌ እየሰኩ ለአያታቸው ያቀብላሉ። የአማቷ ዓይን ደክሟል፤ እጃቸው ግን ማዕዘኑን ዳስሶ ያገኛል፤ ቋጠሮውን የሚቋጥሩት እርሳቸው ናቸው። እንዲህ እየተሠራ አንድ ብርድ ልብስ አራት የሥራ ቀን ይፈጃል።

ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን መርፌ አይነካም። ባለቤቷ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያርፈው በዚያ ሌሊት ነው። በተለይ በመፀው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቆሎ ቋጥሮ ወደ ፉሪ ተራራ አቅጣጫ በእግሩ ይወጣል። አማቲቱም እስከሚችሉት ድረስ ሄደው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መንገዱ ደርቋል፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ አደይ አበባ በየዳገቱ ፈክቷል። ጥቅምት ሲጋመስ፣ ቤት ያልተሠራበት የቀረው የጤፍ ማሳ ቢጫ መምሰል ይጀምራል። እኅታችን እየሄደች ለልጆቿ፣ «ቢጫው ከአረንጓዴው አጠገብ እንዴት እንዳማረበት አያችሁ?» ትላለች፤ በሳምንቱም እንዲሁ አድርጋ ትገጥመዋለች። ስለ ዓይኗ ስንጠይቃት፣ «ሳምንቱን ሁሉ መርፌ ያየ ዓይን ተራራ ማየት አለበት» አለችን። እውነቷን ነው፤ ቅርብ በማየት የደከመ ዓይን የሚያርፈው ሩቅ ሲያይ ነው። ከዚህም ጋር ባልና ሚስቱ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ሆነው የሚነጋገሩት በዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነበር። ይህን እኛ አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ በአጥቢያችን ብርድ የሚያጠቃቸው አረጋውያንና በላስቲክ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ስም ተመዘገበ። አርባ ሆኑ። እኛም ደስ እያለን ወደ እኅታችን ሄደን፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ አርባ ብርድ ልብስ እንድትሰፋልን አዘዝናት። ለእያንዳንዱ የሚከፈላትን ወሰንን፤ ሥራው እንዲፋጠንም ብለን አዲስ ጨርቅ በጥቅል ገዝተን ሰጠናት። እርሷም ተቀበለች። ሥራው የተጀመረው መስከረም አሥር ነበር፤ እስከ ኅዳር ሠላሳ ሰማንያ ቀን ነው። አርባ ጊዜ አራት ግን መቶ ስድሳ ነው። ይህን ቀላል ሒሳብ ከእኛ መካከል የሠራ ሰው አልነበረም።

እኅታችን ቅዳሜን ተወች። ሌሊት በአምፖል፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ሰፋች። ባለቤቷና ልጆቿ ሁለት ቅዳሜ ያለ እርሷ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ እነርሱም ቀሩ። እኛ በየሳምንቱ እየሄድን የተሠራውን ስንቆጥር የቤቱ ዝምታ አልገባንም። በጥቅምት መጨረሻ ቁጥሩ 16 ደርሶ ነበር፤ ለስብሰባም ይህን በደስታ አስታወቅን።

በዚያው ሰሞን ብርድ ልብስ ከተሰጣቸው እናቶች አንዲቱ አጣጥፈው ይዘው መጡ። ገና አንድ ጊዜ ማጠባቸው ነበር። አዲሶቹ ቁራጮች ተኮማትረው በዙሪያቸው ያለውን አሮጌ ጨርቅ ስበው ቀድደውታል፤ የቀዩም ቀለም በነጩ ላይ ፈስሷል። እኒያ እናት አልተቆጡም፤ «ልጆቼ፣ የምታስጠግኑልኝ ከሆነ ብዬ ነው» ብቻ አሉን።

ወደ እኅታችን ይዘንላት ሄድን። በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አዲስ ጨርቅ ሳይነከርና ሳይደርቅ ከአሮጌ ጋር አይሰፋም። ይህን እናቴ በልጅነቴ አስተምራኛለች። ግን ለመንከር ጊዜ አጣሁ።» ለምን እንዳልነገረችን ስንጠይቃት፣ «ቤተ ክርስቲያን የጠየቀችኝን እንዴት አልችልም ልበል?» ብላ መለሰችልን። በዚህ ጊዜ ታላቋ ልጇ ከጓዳ ሆና፣ «እማዬ ከመስከረም ወዲህ ከእኛ ጋር ወጥታ አታውቅም» አለች።

ወገኖቻችን፣ በማቴዎስ 9፥16 ላይ ያለውን የእራፊ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሰብከንበታል። ጌታ ይህን የተናገረው ስለ ጾም ለተጠየቀው መልስ ነው፤ ምሥጢሩም ከእኛ ጉዳይ እጅግ ይሰፋል። ምሳሌው ግን ከስፌት ሥራ የተወሰደ እውነት ነው። ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፤ ያረጀው ጨርቅ ግን መኮማተሩን ጨርሶአል። ስለዚህ አዲሱ ብርቱ፣ አሮጌው ደካማ ሆነው ሲሰፉ፣ ብርቱው ደካማውን ይቀድደዋል። አዲሱን ጨርቅ ያመጣነው እኛ ነበርን። ቀን የቆረጥነውም እኛ ነበርን። የቤተሰቡን ሕይወት ሳንጠይቅ በላዩ ላይ የሰፋነው አርባ ብርድ ልብስም ያልተነከረ እራፊ ነበር፤ ቅዳሜያቸውን ቀደደው።

በዚያ ምሽት ደብተር አውጥተን ከእርሷና ከባለቤቷ ጋር ሒሳቡን ሠራነው። ቅዳሜ እንዲመለስና በየአራት ቀኑ አንድ እንዲሰፋ ተስማማን። እስከ ኅዳር መጨረሻ 22 ሆነ። ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ 10 የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዛን። ስምንት ቀረ። የመጨረሻው ያለቀው ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት ነው። እንግዲህ ከእናንተ የማንሰውረው ይህ ነው፤ በቃል የተቀበልናቸው ስምንት ሰዎች የታኅሣሥን ብርድ ያለፉት ሳይደርሳቸው ነው። ከእነርሱም አንድ ሽማግሌ ወሩን ሙሉ ሲያስሉ ከረሙ። እኅታችን ሌሊት እየሰፋች ብትቀጥል ኖሮ ስምንቱ ቶሎ ይደርሳቸው ነበር የሚል ይኖራል። እኛም ይህን ጥያቄ ለራሳችን አቅርበነዋል። መልሳችን ግን፣ መስከረም ሳይጠባ በግንቦት መጀመር ይገባን ነበር የሚል ነው። የእኛን መዘግየት በአንዲት እናት ዓይን መክፈል አልነበረብንም። ጌታም ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ሕዝቡ ገና እየመጣ ሳለ፣ ወደ ምድረ በዳ ወጥተው ጥቂት እንዲያርፉ ጠርቷቸዋል (ማር. 6፥31)።

ስለዚህ ለእናንተ ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው ይህ ነው። ሥራ ከማዘዛችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁ፤ በቤቱ ማን ይተኛል? መቼ ይተኛል? ቤተሰቡ የሚገናኘው መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ቀኑን ከሠራተኛዋ ጋር ቁጠሩ። «እሺ» ያለችው ስለምትችል ነው ወይስ ስለምታከብራችሁ? ይህንም ለዩ። በሪፖርታችሁ የተሰፋውን ስትቆጥሩ የተመለሰውንም ቁጠሩ።

ለእናንተ ለምእመናን ደግሞ። በሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ልብስ የሰፋ እጅ እንደሚታወስ ከዚህ እንማራለን። ነገር ግን ጣቢታን ሞታ ሳይሆን በሕይወት ሳለች እናስባት። እኅታችን ጨርቅ ትፈልጋለች፤ የማትለብሱትን ስትሰጡ አጥባችሁ ስጡ፤ አዲስ ከሆነም ነክራችሁ አድርቁት። ቀሚሱ የማን እንደነበረ ብትነግሯት ደስ ይላታል፤ ለሚወስደው ሰው ትነግርለታለችና። መርፌ የምታውቁ እኅቶችም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ማዕዘን ቋጥሩላት፤ አማቷ ያስተምሯችኋል።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፉሪ አቅጣጫ አብረን ሄድን። እኅታችን ከባለቤቷ ጋር ከፊት ከፊታችን እየተነጋገሩ ሄዱ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ልጆቹ አደይ አበባ ለቅመው ለአያታቸው አመጡ። ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ብርዱም ጀምሮ ነበር። ሥራውን የጀመርነው በግንቦት ስለነበረ፣ ለዚያ መፀው የተመዘገቡት ሁሉ ብርድ ልብሳቸውን ከጥቅምት በፊት ተቀበሉ። በ2015 የተመለሰው ብርድ ልብስም ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቶ ለባለቤቱ ለእኒያ እናት ተሰጥቷል።

ጸልዩልን። ለመስጠት ስንቸኩል ለመጠየቅ እንዳንሰንፍ ለምኑልን። የሰላም አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።