ስፔክትረምን ዳግም መንደፍ

በእንግሊዟ ካምብሪጅ የሚገኘው ሲንክሌር ሪሰርች እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያቀረበው ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ 16 ወይም 48 ኪሎባይት የማስታወሻ አቅም የነበረው፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ፕሮግራሞችን ከድምፅ ካሴት እያነበበ የሚሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ነበር። ለዚህ መሣሪያ ተተኪ ለመንደፍ የሚነሣ ባለሙያ ዋና ፈተናው ፍጥነትን መጨመር ሳይሆን፣ ከድክመቶቹ መካከል የትኛው የመሣሪያው ማንነት አካል እንደሆነ መለየት ነው። ስፔክትረም ስምንት በስምንት ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ በሆነ በእያንዳንዱ የስክሪን ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ ማሳየት ስለማይችል፣ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ቀለም ይለብስ ነበር፤ ይሁንና የዘመኑ ፕሮግራመሮች ጥበብ የተሳለው በዚሁ ገደብ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ከደጋፊዎች መዋጮ የተሰበሰበለት ስፔክትረም ኔክስት የተሰኘው ተተኪ መፍትሔውን ያገኘው በኤፍፒጂኤ ነው፤ ይህም ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የውስጥ ዑደቱ እንደገና ሊዋቀር የሚችል ቺፕ ሲሆን፣ የጥንቱን ስፔክትረም ዜድ80 ፕሮሰሰር በሶፍትዌር ከማስመሰል ይልቅ በዑደት ደረጃ ይደግመዋል። በመሆኑም የቀድሞ ፕሮግራሞችን በ3.5 ሜጋኸርትዝ የሚያሠራው ይኸው መሣሪያ፣ ሲፈለግ እስከ 28 ሜጋኸርትዝ ይፈጥናል፤ ካሴቱንም ኤስዲ ካርድ ተክቶታል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው፣ የአዲሱን መሣሪያ ቅርፅ የነደፈው የመጀመሪያውን የነደፈው ሪክ ዲኪንሰን ራሱ መሆኑ ነው፤ ሙሉው መሣሪያ ለገዢዎች የደረሰው ግን እርሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ካረፈ በኋላ፣ በ2020 ነበር።